ለአካለ መጠን መድረስና የይለፍ ወረቀት

ይህ ጥናት የተነሣው ከአንድ ቅጽ ነው። በ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ከመካከላችን አንዱ የቀበሌ መታወቂያውን እንዳወጣ የፓስፖርት ማመልከቻ ሊያቀርብ ተነሣ፤ «የትውልድ ቀን» ከሚለው ጥያቄ ሲደርስ ግን የሚጽፈው ቸገረው። በእጁ ያሉት ማስረጃዎች ሦስት ሲሆኑ ሦስቱም አይስማሙም። የትምህርት ቤቱ ወረቀት መስከረም 1 ቀን 1997 ዓ. ም. ይላል። የክርስትናው ወረቀት ታኅሣሥ 21 ቀን 1998 ዓ. ም. ይላል። እናቱ ደግሞ፣ «ምርጫው በሆነ በማግሥቱ ዓመት በኅዳር ሚካኤል ነው የተወለድኸው» ይላሉ። መታወቂያው የወጣው በትምህርት ቤቱ ወረቀት ስለ ሆነ፣ በመታወቂያው ቢታይ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ወደ ዐሥራ ዘጠኝ እየሄደ ነው፤ በእናቱ ቃል ቢታይ ግን ገና ዐሥራ ሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው። እንደ መጀመሪያው ከሆነ ፓስፖርቱን ራሱን ችሎ ይጠይቃል፤ እንደ ሁለተኛው ከሆነ ግን የወላጅ ወይም የሞግዚት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

እኛም የታሪክ ተማሪዎች ነንና ነገሩን እንደ ማንኛውም የታሪክ ማስረጃ መረመርነው። ወንድ ልጅ በዐርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀንዋ ክርስትና እንደሚነሡ የታወቀ ነው። ከኅዳር 12 ቀን ጀምሮ ዐርባ ቀን ቢቈጠር ታኅሣሥ 21 ቀን ላይ ይውላል። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት የመዘገበው የተጠመቀበትን ቀን ነው፤ ከእናቱ ቃል ጋር ምንም ጠብ የለውም። መስከረም 1 ቀን የተባለው ደግሞ ቀኑ ሳይታወቅ ሲቀር የሚሞላ ቀን ነው፤ ከዚህ ጥናት አዘጋጆች መካከል እንኳ በወረቀት ሌሎች ሁለት የእንቍጣጣሽ ልጆች አሉ። ስለዚህ መታወቂያ ያስገኘው ማስረጃ ስሕተት፣ ወረቀት የሌለው የእናት ቃል ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ይህ ነገር እንዴት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ አስፈለገን። (ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ በአውሮፓ የሆነ እንደ ሆነ ለይተን እናመለክታለን።)

በመጀመሪያ የቋንቋችንን ቃላት እንመልከት። ሰው ከልጅነት ወደ ዐዋቂነት መሸጋገሩን አማርኛ በብዙ አነጋገር ይገልጻል። «ነፍስ ዐወቀ» ይባላል፤ «ለዐቅመ አዳም ደረሰ»፣ «ለዐቅመ ሔዋን ደረሰች» ይባላል፤ «ጐለመሰ»፣ «ኮረዳ ሆነች» ይባላል። ከነዚህ ሁሉ ዓመት የሚቈጥር አንድም የለም። አንዱ የሚያየው አእምሮን ነው፤ ሌላው ለትዳር መብቃትን ነው፤ ሌላው ቁመናን ነው። ሕጉ ራሱ የሚሠራበት «አካለ መጠን» የሚለው ቃልም ቢተረጐም የአካል ልክ ማለት ነው። ቃሉ ልኩን ከገላ ላይ ይፈልጋል፤ አንቀጹ ግን ልኩን በዓመት ይወስናል። በዚህ በቃሉና በአንቀጹ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው ጓደኛችን የወደቀው።

ይህ ስንል አባቶቻችን ዘመን መቍጠር አያውቁም ነበር ማለታችን አይደለም። ባሕረ ሐሳብን የመሰለ የዘመን ቈጠራ ባለበት አገር እንዲህ ቢባል ነውር ነው። ነገር ግን የሰው ልደት የሚታወስበት መንገድ ሌላ ነበር። አንዱ «በክፉ ቀን የተወለደ» ነው፤ ይኸውም ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. ከነበረው ረኀብ ጋር የተያያዘ ነው። ሌላው «በኅዳር በሽታ ዓመት»፣ ማለት በ1911 ዓ. ም.፣ ሌላው ደግሞ «በማይጨው ዘመቻ» በ1928 ዓ. ም. የተወለደ ነው። ከዚህ የተሻለ የሚያስታውስ እናት «በዘመነ ሉቃስ በጊዮርጊስ ዕለት» ትላለች። ይህ አነጋገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ቀኑን ምንም ሳያዛንፍ 23 መሆኑን ይነግረናል፤ ዘመነ ሉቃስ ግን በየአራት ዓመቱ የሚመላለስ ስለ ሆነ፣ ሰውየው አራት ወይም ስምንት ዓመት ቢተልቅ ወይም ቢያንስ ቃሉ አይለወጥም። ቀኑ ዝክር የሚደገስበት ስለ ሆነ አይረሳም፤ ዓመቱን ግን የሚጠይቅ ስላልነበረ ይጠፋል። ፓስፖርት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ይህንኑ የጠፋውን ዓመት ነው።

በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ነገሩ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ ሥርዓት እ. ኤ. አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ሰው የሚሸጋገርባቸው ደረጃዎች በየስምንት ዓመቱ ይቈጠራሉ፤ ልጁ የሚገባበት ደረጃ ግን የሚወሰነው ከአባቱ ደረጃ አንጻር እንጂ ከተወለደበት ቀን አንጻር አይደለም። ቈጠራው አለ፤ የሚቈጠረው ግን ትውልድ ነው።

የይለፍ ወረቀት ታሪክ የመጣው በሌላ በኩል ነው። በአገራችን መንገደኛን የሚያስቆመው ኬላ ነበር፤ የሚያሳልፈውም የንጉሥ ወይም የገዥ ቃል፣ ኋላም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ስለ መንገደኛው ዕድሜ የሚለው የለም፤ ማን እንደ ላከውና በማን ጥላ ሥር እንደ ሆነ መናገሩ ይበቃል። ፈቃድ ያጣ ሰው ዕድሜው ቢገፋም አይወጣም። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ርስትና ሚስት ተሰጠው፤ መውጫ ግን አልተፈቀደለትም። እ. ኤ. አ. በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ሸምግሎ አገኙት፤ እነርሱ ሲመለሱም እርሱ ቀረ።

ከዚህ ይልቅ ለጥናታችን የሚቀርበው የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ነው። በ1860 ዓ. ም. መቅደላ ስትወድቅ ወርቅነህ ገና የሦስት ዓመት ግድም ሕፃን ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ የጦር መኰንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ በዚያም ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ ሕክምናም ተማሩ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ በእጃቸው ያለው ወረቀት ሁሉ የሚናገረው ስለ ቻርልስ ማርቲን ነበር። ዘመዶቻቸው ግን በገላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ እንደ ለዩዋቸው ይነገራል። አንዱ ሰው በወረቀት ማርቲን፣ በጠባሳ ወርቅነህ ሆኖ ኖረ። ከብዙ ዘመን በኋላም በ1928 ዓ. ም. ጦርነት ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው የቆሙት እኒሁ ሰው ናቸው።

በምዕራብ አውሮፓ እንኳ እስከ እ. ኤ. አ. 1914 ድረስ አብዛኛው መንገደኛ ያለ ፓስፖርት ድንበር ይሻገር ነበር። በሩን የዘጋው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ እ. ኤ. አ. በጥቅምት 1920 በፓሪስ በተደረገው የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ፣ ፓስፖርት በሁሉ አገር አንድ ዐይነት ሆኖ ባለ 32 ገጽ ደብተር እንዲሆን ተስማሙ። ለጊዜው ነው የተባለው ነገር እስከ ዛሬ ቀርቷል። በዚያን ጊዜ በነበሩት ደብተሮች ውስጥ ከፎቶግራፉ ጋር የቁመት፣ የዐይንና የጠጕር መልክ፣ ደግሞም «ልዩ ምልክት» የሚል ስፍራ ነበር። የሐኪም ወርቅነህ ዘመዶች የተመለከቱት ጠባሳ የሚጻፈው በዚህ ስፍራ ነው። እንግዲህ ፓስፖርትም በመጀመሪያ የአካልን ልክ የሚጠይቅ ነበር ማለት ነው፤ ገላው ቀስ በቀስ ለቀንና ለቍጥር ቦታውን የለቀቀው በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ. ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በሐምሌ 1922 ዓ. ም. የዜግነት ሕግ ወጣ፤ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እናትን ከአባት እኩል መጥቀሱ ለዘመኑ ቀላል ነገር አይደለም። የዜግነት ነገር እንዲህ በግልጽ ሲጻፍ የመውጣት ነገር ግን ገና አልተነካም። የ1923 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 22 ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት ከቦታ ወደ ቦታ መዘዋወር እንደሚችል ይናገራል። የተሻሻለው የ1948 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 ይህንኑ ሲያጸና «በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ውስጥ» የሚል ወሰን አለው። ኢትዮጵያ ግን ሰው ከማንኛውም አገር፣ ከራሱም ጭምር፣ የመውጣት መብት አለው የሚለውን ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት መግለጫ በታኅሣሥ 1941 ዓ. ም. ደግፈው ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዲቱ ነበረች። በውጭ አገር አዳራሽ የተደገፈው ቃል በአገር ቤት ሕገ መንግሥት የገባው በ1987 ዓ. ም. በአንቀጽ 32 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 198 ላይ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን አላደረሰም ይላል። ለመላው አገር አንድ ቍጥር ተሰጠ፤ ሰውን ከሞግዚት እጅ የሚያወጣው ከእንግዲህ ጢሙም፣ ትዳሩም፣ የአባቱ ደረጃም ሳይሆን ዓመቱ ሆነ። ይህ ቍጥር ግን ብቻውን አልቆመም። ይኸው ሕግ በቍጥር 581 ሴት ልጅ በዐሥራ አምስት ዓመትዋ፣ ወንድ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ እንዲያገቡ ይፈቅዳል፤ በቍጥር 329 ደግሞ ያገባ ልጅ ከሞግዚት አስተዳደር ነፃ ይወጣል። እንግዲህ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በጋብቻ ቀለበት ዐዋቂ ትሆናለች፤ ወንድምዋ ግን ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ከዚህ በፊት በ1949 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዘጠኝን፣ ዐሥራ አምስትንና ዐሥራ ስምንትን ወሰን አድርጎ ነበር፤ ለእንደራሴዎች ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ደግሞ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሃያ አንድ ዓመት ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ የነበረ የኮሌጅ ተማሪ ውል ለመዋዋል ዐዋቂ፣ ለመምረጥ ልጅ ነበረ ማለት ነው። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ወደ ዐሥራ ስምንት ከፍ ያለው በ1992 ዓ. ም. በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ነው።

ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ ያስገረመን በሕጉ መጨረሻ ያለው ቍጥር 3361 ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበትን መዝገብ «የክብር መዝገብ» ይለዋል፤ ስለ እርሱም ብዙ አንቀጾች አሉት። ቍጥር 3361 ግን እነዚህ አንቀጾች በነጋሪት ጋዜጣ ቀን ተቈርጦ እስኪነገር ድረስ አይጸኑም ይላል። ሕጉ በአንድ እጁ «ዐሥራ ስምንት ዓመት» ብሎ ወሰነ፤ ዓመቱ የሚታወቅበትን መዝገብ ደግሞ በሌላ እጁ ዘጋው። የመዝገቡ ሕግ የወጣው በ2004 ዓ. ም. ነው፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረውም በ2008 ዓ. ም. መጨረሻ ነው። በመካከሉ ከ50 ዓመት የበለጠ ጊዜ አለፈ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የማዘጋጃ ቤት የልደት ወረቀት ነበረ፤ ነገር ግን ይህ ብዙ ጊዜ ልጁ ሲወለድ የተጻፈ ሳይሆን ሰውየው ወረቀቱ ሲያስፈልገው፣ ምስክር አቁሞና የትምህርት ቤት ማስረጃ ይዞ የሚያወጣው ነው። አንድ ሰው ለምን አስፈለገህ ቢባል ከሚሰጣቸው መልሶች አንዱ ፓስፖርት ነው። በእኛ አስተያየት ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው፤ ፓስፖርቱ በልደት መዝገብ ላይ መቆም ሲገባው፣ የልደት ወረቀቱ ስለ ፓስፖርቱ ሲባል ይወለዳል።

የስምም ነገር እንዲሁ ነው። ሕጉ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ይላል፤ ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ፓስፖርት የያዘ ልጅ በውጭ አገር በአያቱ ስም ይጠራል፤ አያቱ ግን እርሱ ከመወለዱ በፊት ሞተው ይሆናል። ይህ ራሱን የቻለ ጥናት የሚያስፈልገው ስለ ሆነ እናልፈዋለን።

ከ1967 ዓ. ም. በኋላ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ለከተማ ልጅም የቀበሌ መታወቂያ የዐዋቂነት የመጀመሪያ ወረቀት ሆነለት። በዚህ ዘመን ዐሥራ ስምንት ዓመት አዲስ ትርጕም አገኘ። በ1975 ዓ. ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ይመለከት ስለ ነበረ፣ ልጁን ማሳነስ የወላጅ ሥራ ሆነ። «ልጄ ገና ዐሥራ ስድስቱ ነው» እየተባለ ስለ መሟገት ከወላጆቻችን ስንሰማ አድገናል። አገር ለቆ መውጣት ደግሞ ከፓስፖርቱ ሌላ የመውጫ ቪዛ የሚያስፈልገው ነበር። በዚሁ ዘመን ፍጻሜ፣ በግንቦት 1983 ዓ. ም.፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን ያለ ፓስፖርት ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። የብዙዎቹ ዕድሜ የተጻፈው በዚያ በነበሩ ጸሓፊዎች ግምት ነው፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ ኋላ፣ እስራኤል እ. ኤ. አ. በ1963 ባወጣችው የዕድሜ መወሰኛ ሕግ መሠረት፣ ዕድሜያቸው እንዲታረም ፍርድ ቤት ጠይቀዋል።

ልጅን የማሳነሱ ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ ተገልብጦ መጣ። ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ልጆች ሲበዙ፣ አሁን የሚፈለገው ማሳነስ ሳይሆን ማስተለቅ ሆነ። የዐሥራ አምስትና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረዶች ከዚያ የበለጠ ዕድሜ የተጻፈበት ፓስፖርት ይዘው መሄዳቸው በብዙ ጽሑፎች ተመስክሯል። መንግሥት በ2006 ዓ. ም. መጀመሪያ ጕዞውን አገደ፤ በዚያው ዓመት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባረው ተመለሱ። በ2008 ዓ. ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ዐዋጅ ሠራተኛዋ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች እንድትሆን አዘዘ፤ ይህም ዕድሜን በወረቀት ማወቅ ለከበደው አገር በክፍል የመለካት ዘዴ ይመስለናል። ሐሰተኛው ዓመት በልጅቱ ላይ የሚያደርሰው ጕዳት ብዙ ነው። በፓስፖርትዋ ሃያ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ በደረሰባት መከራ «እኔ ልጅ ነኝ» ብትል የሚሰማት ዳኛ አታገኝም፤ ከራስዋ ፓስፖርት የበለጠ ምስክር የላትምና። ከሕፃን የሚደርሰውን ጥበቃ ሁሉ ያስቀረባት ያ አንድ መስመር ነው። ወላጅዋም ሆነ ደላላው ያን መስመር ሲያስጽፉ ከመዝገብ የሚያስተባብል አልነበረም፤ መዝገቡ ተዘግቶ ነበርና።

በዚህ ሁሉ ላይ የሁለቱ አቈጣጠሮች ጣጣ ይጨመራል። ፓስፖርት የሚጻፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሆነ ቀኑ መለወጥ አለበት። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ቀን ግድም ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ስምንት ዓመት ይጨመራል። በጥድፊያ ለሁሉም ስምንት የጨመረ ሰው በመስከረም የተወለደውን ልጅ አንድ ዓመት ያሳንሰዋል፤ ለሁሉም ሰባት የጨመረ ደግሞ በግንቦት የተወለደችውን አንድ ዓመት ያስረጃታል። ለአካለ መጠን የደረሰና ያልደረሰ ሰው የሚለየው በዚሁ አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል።

በ2011 ዓ. ም. የኢሚግሬሽንና የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራዎች በአንድ ኤጀንሲ ሥር ተጠቃልለው ነበር፤ የልደቱ መዝገብና የይለፍ ደብተሩ በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ ማለት ነው። በ2015 ዓ. ም. ደግሞ የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ወጣ። ምዝገባው በመላ አገሪቱ ሲጀመር የተወለዱትና በጊዜው የተመዘገቡት ልጆች ዐሥራ ስምንት ዓመት የሚሞላቸው በ2026 ዓ. ም. ነው። ዓመታቸውን ከእናታቸው ትዝታ ሳይሆን በልደታቸው ጊዜ ከተጻፈ መዝገብ አውጥተው ፓስፖርት የሚጠይቁ የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች፣ በገጠርም በከተማም፣ እነርሱ ይሆናሉ።

ጓደኛችን ግን ሁለት መንገድ ነበረው፤ መታወቂያውን አሳርሞ ጥቂት ወራት መጠበቅ፣ ወይም በመታወቂያው ቀን ማመልከት። የውጭ ትምህርት ዕድል የሚዘጋበት ቀን ስለ ቀረበ ሁለተኛውን መረጠ። አሁን በፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው እ. ኤ. አ. መስከረም 11 ቀን 2004 ነው። እናቱም ይህን በነገርናቸው ጊዜ የጠየቁት፣ «ታዲያ ሚካኤልን ምን አድርጋችሁ ልትተዉት ነው?» ብለው ነው።